ከገጸ ባሕርይ ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ እንዴት ላሻግራቸው?

ሰላም የአማርኛ መምህራን። ደብረ ብርሃን አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ፤ አሁን የያዝነው በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው።

ተማሪዎቹ ስለ ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ ሲጠየቁ «ኩሩ፣ ጨካኝ» ብለው ቁጭ ይላሉ። ስለዚህ ደብተር ላይ አራት ዓምድ እናሰምራለን፦ የተናገሩት፣ ያደረጉት፣ ሌላው ስለ እሳቸው ያለው፣ ገጽ። ማስረጃ ማምጣቱ በዚህ ቀሏል። ሦስተኛው ዓምድ ግን ያሳስታቸዋል፤ የአገሩ ሰው ልማዱን የሚተቸውን ካሳ ዳምጤን «ጉዱ ካሳ» ስላለው ብቻ «እብድ ነው» ብለው ይደመድማሉ። ተናጋሪው ማን ነው፣ ካሳ ዝም ቢል የሚጠቀመውስ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ዋናው ጭንቀቴ ቀጣዩ እርምጃ ነው። በግብር ምክንያት የተነሳውና በአበጀ በለው የሚመራው የገበሬዎች አመፅ ላይ ስንደርስ «ፊውዳሊዝም» ብለው ይጽፉና ያልፋሉ። ግብሩን ማን ጠየቀ? በምን ልማድ? እምቢ ያለስ ምን ይደርስበታል? የፊታውራሪ ልጅ የሰብለ ወንጌልና የተራ ሰው ልጅ የበዛብህም ነገር «አሳዛኝ ፍቅር» ሆኖ ይቀራል፤ የትውልድ ደረጃ ጉዳይ አይታያቸውም።

ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ፣ መጽሐፉ ለአምስት ተማሪ አንድ ነው። ሁለት ገጽ ቀንጭቦ ማንበብ ብቻ 15 ደቂቃ ይበላል። ለሁሉም ቡድን አንድ ቅንጫቢ ልስጥ ወይስ ለየቡድኑ አንድ ገጸ ባሕርይ? ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ስለነበረው ግብር የአካባቢውን ሽማግሌዎች እንዲጠይቁ ባደርግስ? የምፈራው ልቦለዱን ትተው የአያታቸውን ታሪክ እንዳይጽፉ፣ ልቦለዱ የሚተርከውን የጎጃሙንም ልማድ ከእኛ ከሸዋው እንዳይደባልቁ ነው። ከ10 የምታርሙበት መስፈርት ያላችሁ ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል።