ሮም ላይ 200 ዩሮ ሳወጣ 259 ዶላር ተቆረጠብኝ፤ የቱን ነው መጫን ያለብኝ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሰላም እህት ወንድሞች። እህቴ ልጇን ክርስትና ልታስነሳ ስለሆነ ከሜሪላንድ ሮም መጥቻለሁ። ማክሰኞ ማታ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ አንድ ሱቅ በር ላይ ከቆመ ኤቲኤም በዴቢት ካርዴ 200 ዩሮ አወጣሁ። ማሽኑ መጀመሪያ የራሱን 4 ዩሮ ጠየቀ፤ እሺ አልኩ። ቀጥሎ «1 ዩሮ 1.21 ዶላር፤ ከሂሳብዎ 246.84 ዶላር ይቆረጣል» የሚል መጣ። ከታች ሁለት ምርጫ አለ። አረንጓዴው «እቀበላለሁ»፣ ግራጫው «አልቀበልም» ይላል። አልቀበልም ካልኩ ገንዘቡን የሚከለክለኝ መሰለኝ። ከኋላዬም ሰው ተሰልፏል። አረንጓዴውን ተጫንኩ።

ቤት ገብቼ ሳይ የዕለቱ ምንዛሪ 1.08 ነው። በማግስቱ ደግሞ የራሴ ባንክ 5 ዶላር፣ በላዩም 3 በመቶ ቆረጠ። ሲደመር 259.25። በትክክለኛው ምንዛሪ እኮ 216 ዶላር ነበር! 43 ዶላር ማለት ሌሊት ቁጭ ብዬ አረጋውያን የምጦርበት የሦስት ሰዓት ደሞዝ ነው። በጣም ነው ያንገበገበኝ። ተጭበርብሬ ነው ወይስ ደንቡ እንዲህ ነው? ከዚህ እናቴ ጋ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። በእጄ የያዝኩትን ዶላር እዚሁ መንዝሬው፣ እዚያ በካርድ ላውጣ?

ፍራንክፈርት ነኝ፦
እህቴ፣ አልተሰረቅሽም፤ የጎዳሽ ያ አረንጓዴ ነው። ማሽኑ «በዶላር ላስላልሽ» ካለሽ ምንዛሪውን የሚቆርጠው የማሽኑ ባለቤት ወይም አብሮት የሚሠራው ድርጅት ነው። ትርፉን እዚያው ውስጥ ይከታል። ያንቺ 12 በመቶ ሆኗል። አልቀበልም ብትዪም ገንዘቡ ይወጣል። ሂሳቡ በዩሮ ይሄድና ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ይመነዝረዋል። የእነሱ ተመን ከገበያው ብዙም አይርቅም። ድረ ገጻቸው ላይ ቀኑን አስገብተሽ ማስላት ትችያለሽ። ምግብ ቤትም «በዶላር ወይስ በዩሮ?» ካሉሽ ሁሌ በዩሮ በይ።

ሱቅ በር ላይ የቆሙትን ማሽኖች እለፊያቸው። የባንክ ቅርንጫፍ ግድግዳ ላይ ያለውን ፈልጊ። 5 ዶላሩና 3 በመቶው ግን የባንክሽ ነው፤ ማሽን በመቀየር አይቀርም። 5 ዶላሩ ባወጣሽ ቁጥር ስለሆነ በትንሽ በትንሹ አታውጪ።

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦
በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ እንዳታወጪ አደራ። ወለዱ ከዚያው ቀን ይጀምራል፤ እንደ ዕቃ ግዢ ጊዜ አይሰጥሽም። እኔ ለጉዞ ብዬ ቻርልስ ሽዋብ ከሚባል የአሜሪካ ባንክ ዴቢት ካርድ አወጣሁ። 3 በመቶ የለውም። ማሽኑ የወሰደብኝንም ክፍያ ባንኩ ይመልስልኛል። ለሚቀጥለው ጉዞሽ አስቢበት።

የገርጂ ልጅ፦
እህት ዓለም፣ ዶላርሽን እዚያ አትንኪው። ይዘሽው ነዪና ባንክ ገብተሽ መንዝሪ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ነው። ያኔ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ተመኑ ከባንክ ባንክ ስለሚለያይ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቂ። እዚህ ኤቲኤም በአንዴ የሚሰጠው ብር ትንሽ ነው። ያ 5 ዶላር ይደጋገምብሻል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትናንት እህቴ ሰፈር ያለ ባንክ ሄድኩ። ያው ጥያቄ እዚያም መጣ። ግራጫውን ተጫንኩ። ማሽኑ ዝም ሲል ልቤ ቀጥ አለች። ከዚያ አራት ባለ 50 ዩሮ ተፋልኝ። የራሱንም ክፍያ አልጠየቀኝም። ዛሬ ሂሳቤን ሳይ 216 ዶላር፣ 6.48 እና 5 ይላል። በድምሩ 227.48። ለእናቴ የያዝኩት 600 ዶላር በፖስታው እንዳለ ነው። ቦሌ እስክደርስ አልከፍተውም።