ለቤት መሠረት ስንቆፍር የወጣ የከብት መንጋጋና የከሰለ እህል

የሐይቋ፦
ሰላም ወገኖቼ። ሐይቅ አጠገብ ወላጆቼ ለቤት መሠረት ሲያስቆፍሩ ከወገብ በላይ ከሚሆን ጥልቀት አመድ ወጣ። አመዱ ውስጥ ሦስት ጥርስ ያለው የከብት መንጋጋና እፍኝ የማይሞላ የከሰለ እህል አለ። አባባ ገብስ ነው ይላሉ። እማዬ ማሽላ ነው ብላ ድርቅ አለች። በአይሶቶፕ ምርመራ ከብቱ ምን ይበላ እንደነበር ይታወቃል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ወንድሜ አጥቦ ቡፌ ላይ ሊያስቀምጠው ነው።

የቆቦ ልጅ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ወንድምሽን አስቁሚው! አይታጠብ፣ ሙጫና ቫርኒሽም አይንካው። ቁፋሮው ይቁም። የቀረው አመድ ባለበት ይቆይ፤ ከየት እንደወጣ ካልታወቀ ጥርሱ ግማሽ ዋጋውን ያጣል። በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም ማሳወቅ ግዴታ ነው።

የአባባንና የእማዬን ክርክር ለመፍታት አይሶቶፕ አያስፈልግም። የገብስ ፍሬ ሞላላ ነው፣ በሆዱ በኩል ስንጥቅ አለው። ማሽላ ድቡልቡል ነው። ባለሙያ በማጉያ መነጽር ይለየዋል።

አይሶቶፕ ሌላ ነገር ነው የሚነግረን። አይሶቶፕ ማለት የአንድ ንጥረ ነገር በክብደት የሚለያዩ ዓይነቶች ናቸው። ካርቦን 12 እና 13 የሚባሉ የማይፈራርሱ ዓይነቶች አሉት፤ 13 ትንሽ ከበድ ይላል። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ካርቦን ከአየር ሲወስዱ ከባዱን በብዛት ይተዉታል። ልኬታቸው ከሺህ −26 አካባቢ ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ ቁጥር ከባዱ ካርቦን አነሰ ማለት ነው። ጤፍ፣ ማሽላና በቆሎ ግን ያን ያህል አይመርጡም፣ −12 አካባቢ ናቸው። ከብቱ የበላው ይህ ልዩነት ጥርሱ ውስጥ ይቀራል።

እኔ ሥራዬ ጥርስ መፋቅ ነው። የከብት መንጋጋ ጥርስ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ሥሩ ቀስ እያለ ይሠራል፤ ሦስተኛው ከዓመት በላይ ይፈጃል። በቀጭን መሰርሰሪያ ከላይ እስከ ታች በየተርታው እፍቃለሁ። ከእያንዳንዱ መስመር የሚወጣው ነጭ ዱቄት ከቁንጥር ጨው ያንሳል። ግን ክረምቱና በጋው ተራ በተራ ይነበብበታል። ኦክስጅኑ ደግሞ ስለጠጣው ውሃ ይናገራል።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። የቆላ ሣርም በካርቦኑ እንደ ማሽላ ነው። ቁጥሩን ብቻ አይቶ «የማሽላ አገዳ ይቀለብ ነበር» ማለት ትልቅ ስህተት ነው፤ ቆላ ወርዶ ሣር ግጦም ሊሆን ይችላል። እህሉ ራሱ ሲመረመር ከባዱ ናይትሮጅን፣ ናይትሮጅን 15፣ ከፍ ካለ መሬቱ ፍግ ይጠጣ እንደነበር ይጠቁማል። በእሳት መክሰሉ ቁጥሩን በትንሹ ስለሚለውጠው ያ ይታሰብለታል።

የደላንታው፦
ልጄ፣ ልጅ ሳለሁ ደጋው ላይ ሣር ሲያልቅ ከብቶቹን ወደ በሽሎ ቆላ ይዘን እንወርድ ነበር። ዝናብ ሲጥል እንመለሳለን። ይህ ጥርስ ላይ ይታያል?

የቆቦ ልጅ፦
ጋሼ፣ እርስዎ የነገሩን እኮ ዋናው ነገር ነው! ከፍ ያለው ደጋ ሣር እንደ ገብስ ነው፣ የቆላው እንደ ማሽላ። ስለዚህ ከባዱ ካርቦን ሲወርዱ ይጨምራል፣ ሲመለሱ ይቀንሳል። የቦታ ለውጥን ለማየት ስትሮንቲየም የሚባልም አለ። ከዓለት ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ ጥርስ ይገባል፤ ልኬቱም እንደ ዓለቱ ዓይነት ይለያያል። ግን ከብቱ የዞረበት አገር ሁሉ ያው ባዛልት የሚባለው የእሳተ ገሞራ ዓለት ከሆነ ስትሮንቲየም ብዙ አይረዳም። የወሎ ደጋ ደግሞ በአብዛኛው ባዛልት ነው። ስለዚህ እኔ የምተማመነው በካርቦኑና በኦክስጅኑ ነው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ።

የሐይቋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ ጋሼም። ዛሬ ጠዋት ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ሄደን አሳወቅን፤ ነገ ባለሙያ እንልካለን ብለዋል። ጉድጓዱን በላስቲክ ሸፍነናል፣ መንጋጋው አልታጠበም። እማዬ አንዷን ፍሬ መዳፏ ላይ አድርጋ ወደ ብርሃን ስታዞራት ስንጥቅ አገኘችባት። አባባ ምንም አላሉም፣ ቡና አፍሉ ብቻ አሉ።