ጉበትና ስኳር ላለባቸው ታካሚዎች የአእምሮ ብቃት ቅድመ ምርመራ፦ በጋራ ፕሮፖዛሉ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦
ባልደረቦች፣ ረቂቁ ሲሮሲስም (ጉበቱ በጠባሳ የተጎዳ) ስኳርም ያለበት ሁሉ የአእምሮ ብቃቱ ይፈተን ይላል። ከፈተናው በፊት ምን እንደሚደረግና ውጤቱ ዝቅ ሲል ማን ምን እንደሚሠራ ግን የለበትም። ዛሬ እሱን እንጨርስ።

የስኳር ክሊኒክ ነርስ፦
ከሁሉ በፊት የጣት ደም ይወሰድ። ስኳሩ በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ከሆነ ፈተናው አይጀመር። 15 ግራም ቶሎ የሚሠራ ስኳር ይሰጠው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ፣ ፈተናው ደግሞ ለሌላ ቀን ይቀጠር። ቁጥሩ ቢስተካከልም አእምሮው ወዲያው ስለማይመለስ በዚያው ቀን የሚገኘው ውጤት አይታመንም። ጉበቱ የተጎዳ ሰው ያጠራቀመው ግላይኮጅን (የስኳር ክምችት) ትንሽ ነው፤ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ኪኒን እየወሰደ ቁርሱን ከዘለለ ስኳሩ በቀላሉ ይወርዳል። ስለዚህ ለላብራቶሪ ጾሞ በሚመጣበት ቀን ፈተና አይቀጠርለት።

ሌላው፣ ረቂቁ ውስጥ ኤችቢኤ1ሲ (የሁለት ሦስት ወር አማካይ ስኳርን የሚያሳይ የደም ምርመራ) ብቻውን የስኳር ቁጥጥር መለኪያ ሆኖ ገብቷል። ጣፊያው ያበጠ ሰው ቀይ የደም ሴሎቹ ዕድሜያቸው ስለሚያጥር ቁጥሩ ያለአግባብ ዝቅ ይላል። ታካሚው ቤቱ የሚለካውን መዝገብ ይዞ ይምጣ፤ የሌሊት መውረድም እዚያው ላይ ይታያል።

የጉበት ሐኪም፦
ሲስተር ያሉት ሁለቱም ይግባ። እኔ የምጨምረው፣ እጁን ዘርግቶ አንጓውን ወደ ኋላ ሲያጥፍ መዳፉ የሚርገበገብበት፣ ቀኑ የጠፋበት ወይም የሚያንቀላፋ ሰው ለወረቀት ፈተና አይቀመጥ። እሱ የሚያስፈልገው የዕለቱ ሕክምና ነው። የእኛ ፈተና የተሰወረውን ኢንሴፋሎፓቲ (ጉበት ያላጣራው መርዝ የሚያመጣው የአእምሮ መታወክ) ለመያዝ ነው።

ለመጀመሪያ ማጣሪያ የእንስሳት ስም ጥሪ ይበቃል፦ 60 ሰከንድ፣ እርሳስ የለም፣ ማንበብም አያስፈልግም። ለዕድሜና ለትምህርት ከተስተካከለ በኋላ ከ10 በታች የጠራ ወደ ሕክምና፣ ከ10 እስከ 15 የጠራ ወደ ሙሉው የወረቀት ፈተና ይሂድ። የአሞኒያ (ጉበት ከደም የሚያጸዳው ቆሻሻ) ምርመራው ከማጣሪያው ይውጣ። ናሙናው በረዶ ላይ ሆኖ ቶሎ ካልደረሰ ቁጥሩ በሐሰት ይጨምራል፤ ከፍ ማለቱ ብቻውንም ምንም አያረጋግጥም።

የሥነ ልቦና ባለሙያ፦
በስም ጥሪው እስማማለሁ፣ ግን የአቆጣጠር ደንብ ይጻፍለት። ታካሚው «ላም፣ በሬ፣ ጥጃ» ቢል አንድ ነው ወይስ ሦስት? አንዱ ክሊኒክ አንድ፣ ሌላው ሦስት ከቆጠረ 10 የሚለው ወሰን ትርጉም ያጣል። የእኔ ሐሳብ ሦስቱም ይቆጠሩ፣ የተደገመ ስም ብቻ ይቀነስ የሚል ነው።

ሙሉው ፈተና ላይ ደግሞ አንድ አደጋ አለ። የቁጥር ማገናኛው ከ1 እስከ 25 ተበታትነው የተጻፉ ቁጥሮችን በተራ ማያያዝ ነው። ዓይኑ በስኳር የተጎዳ ሰው 14ን ሲፈልግ ያጠፋው ሰከንድ የአእምሮ ዝግታ ሆኖ ይመዘገብበታል። ጣቱ የደነዘዘም መስመሩን ሲከተል ከዳር ይወጣል። መጀመሪያ መነጽሩን አድርጎ የቅርብ ጽሑፍ ያንብብ፣ እርሳስ ይዞ ቀጥ ያለ መስመር ያስምር። ይህን ካልቻለ በቃል የሚሠራው ፈተና ብቻ ይወሰድለት፣ ያልቻለበት ምክንያትም ካርዱ ላይ ይጻፍ።

የስኳር ክሊኒክ ነርስ፦
ዶክተር፣ ዝቅ ያለው ውጤት የጉበት ይሁን የስኳር በምን እንለየው?

የጉበት ሐኪም፦
በአንድ ፈተና አይለይም፤ አክመን ደግመን እናየዋለን። መጀመሪያ መነሻውን እንፈልግ፦ የሆድ ድርቀት፣ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ዕቃ መድማት፣ ሽንት በሚያሸና መድኃኒት የወረደ ፖታሲየም፣ የእንቅልፍ ኪኒን። በስኳር የአንጀት ነርቩ የተጎዳ ሰው ድርቀቱ ስለማይለቀው ስለ ሰገራው በቀጥታ ይጠየቅ። ከዚያ ላክቱሎስ የተባለው ሰገራ የሚያለሰልስ ሽሮፕ ይሰጠው፣ በቀን ከ2 እስከ 3 ለስላሳ ሰገራ እስኪሆን። ከዚያ በላይ ካስቀመጠው ውኃው ይሟጠጥና ኢንሴፋሎፓቲውን ያባብሰዋል፤ ይህ ለአስታማሚው ጭምር ይነገር። ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገም።

የሥነ ልቦና ባለሙያ፦
ሲደገም ሌላ ቅጂ ይሁን፣ አለበለዚያ የለመደውን ነው የምንለካው። ያልተሻሻለው ሰው በሞካ (ትውስታንና ትኩረትን የሚለካ አጭር የአእምሮ ፈተና) ይታይ፣ በተለይ የአምስቱ ቃላት ትውስታ። ፍንጭ ሲሰጠው ካስታወሰ ችግሩ ይበልጥ ትኩረትና ፍጥነት ላይ ነው፤ በፍንጭም ካልመጣለት የማስታወስ ችሎታው ራሱ መመርመር አለበት። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ኪኒን ረጅም ጊዜ የወሰደ ቫይታሚን ቢ12 ይለካለት። ታይሮይድና ድባቴም አይረሱ።

አስተባባሪ፦
ቅደም ተከተሉን በዚሁ አስተካክዬ እልካለሁ። የአቆጣጠር ደንቡን እርስዎ ያዘጋጁልን፤ ሲስተር ደግሞ የቅድመ ፈተና ቅጹን፦ የስኳር ቁጥር፣ የመጨረሻ ምግብ ሰዓት፣ መነጽር፣ የትናንት ሰገራ ብዛት። ከአንድ ገጽ አይለፍ።