እጄ ጨርቁ ላይ፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ፤ ምን ባደርግ ይሻለኛል?

ሰፊው ከማርቆስ

እንደምን ሰነበታችሁ። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ሙያውን ከያዝኩ 19 ዓመት ሆነኝ። አንድ ነገር አስጨንቆኛልና ምከሩኝ።

ባለፈው ሳምንት የአንድ ሙሽራ ሱሪ ቆረጥኩ። ልኩ ደብተሬ ላይ አለ፤ ርዝመቱ 104 ሳንቲም። ጨርቁን አነጠፍኩ፣ ሜትሩን ዘረጋሁ፣ ጠመኔውን ያዝኩ። ሳሰምር ሐሳቤ የሱቁ ኪራይ ላይ ነበር። ስልኬ ጮኸ፤ ቴሌግራም ነው፤ አንብቤ መለስኩ። ወዲያው ደግሞ የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ትዝ አለኝ። ቆርጬ ከጨረስኩ በኋላ ስለካው 94 ሆኖ አገኘሁት። አሥር ሳንቲም! ጨርቁን ከኪሴ ገዝቼ ተካሁ። የከነከነኝ ግን ብሩ አይደለም። ያን ሁሉ ጊዜ እጄ ሲሠራ እኔ እዚያ አልነበርኩም።

ጫጫታው ነው እንዳትሉኝ። ረዳቶቹ «ፍኖተ ሰላም! ቡሬ! ባሕር ዳር!» ሲሉ ይውላሉ፤ ባጃጁም አለ፤ የጎረቤቴም ድምፅ ማጉያ አለ። እሱን ለምጄዋለሁ። የሚብሰኝ ማታ ነው። ሰፈሩ ጭር ሲል የእኔ ጭንቅላት ሥራ ይጀምራል። ዳዊት እደግማለሁ፤ አፌ ይደግማል፣ ልቤ ሱቅ ውስጥ ነው። ቅጠሉን ገልጬ የቱ ጋ እንደደረስኩ ይጠፋብኛል። ከሱሪው ይልቅ ይሄ ያሳዝነኛል።

ስልኬን ቤት ትቼ የወጣሁበት ቀን አለ። ደንበኛ አመለጠኝ እንጂ ሐሳቤ አልረጋም። እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?

የድሮ የቆሎ ተማሪ፣ ብቸና

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ሳነብ የቅኔ ቤት ዘመኔ ትዝ አለኝ። አሁን አስተማሪ ነኝ። በልጅነቴ ግን ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ ይዤ አራት ዓመት ጎጃም ውስጥ ቅኔ ተምሬአለሁ።

ቅኔ ለመቁጠር፣ ማለትም ለማዘጋጀት፣ እያንዳንዳችን ዛፍ ዛፋችን ሥር እንሄዳለን። ሰው የለም፣ ድምፅ የለም። ሐሳብ ግን አይቀመጥም። ረሃቡ አለ፤ ቁንጫው አለ፤ ትናንት ቁራሽ ስለምን ውሻ የነከሰኝ ባቴ አለ፤ እናቴ አለች። ጉባኤ ቃና የምትባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ብቻ ናት። እሷን ለመሙላት ግማሽ ቀን የፈጀብኝ ጊዜ ብዙ ነው።

መጀመሪያ ሐሳቤን እታገለው ነበር። «አታስብ» ባልኩት ቁጥር ይብስበታል። በኋላ አንድ ቃል መያዝ ለመድኩ። ለምሳሌ «ማዕበል»። ሰሙ የባሕር ሞገድ ነው፤ ወርቁ ምን ይሁን? ቃሉን በአፌ አገላብጠዋለሁ። ሐሳቤ ወደ እናቴ ቤት ይሄዳል፤ ሲመለስ ቃሉ እዚያው ይጠብቀዋል። በራሴ አልቆጣም፤ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሃያ ጊዜ የሚሄደው፣ ወራት ሲያልፉ አምስት ጊዜ ብቻ ይሄድ ጀመር። ጨርሶ ያልሄደበትን ቀን ግን አላስታውስም።

አንተም ስታሰምር ቁጥሩን ድምፅ አውጥተህ በለው። «መቶ አራት፣ መቶ አራት» እያልክ ጠመኔውን ጎትት። አፍህ የያዘውን እጅህ አይስተውም። ዳዊቱንም አትሩጥበት። የዳዊት አንዱ ክፍል፣ ንጉሥ የምንለው፣ አሥር መዝሙር ነው። በደከመህ ማታ አሥሩን ከምትሮጥባቸው አንዷን በዝግታ ድገም። የጠፋህ ቦታ ስትነቃ ወደ መጀመሪያው አትመለስ፤ ከዚያው ቀጥል።

ነርሷ፣ ዳንግላ

ወንድምዓለም፣ ማታ ጭንቅላትህ መነሣቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። አእምሮ ሥራ ሲፈታ ወደ ራሱ ጉዳይ ይዞራል። ቀን ጊዜ ያልሰጠኸው ጉዳይ ማታ ወረፋ ይይዛል። ስለዚህ ሱቅ ከመዝጋትህ በፊት ኪራዩንም፣ የልጅህንም ክፍያ፣ የነገውንም ሥራ ደብተርህ ላይ ጻፈው። ከጎኑ መቼ እንደምታደርገው አስቀምጥ። የተጻፈ ነገር እንዳይረሳ ብሎ ጭንቅላት አይጠብቀውም።

ቡናህን መቼ እንደምትጠጣ አልነገርከንም። ቡናው ውስጥ ያለው አነቃቂ፣ ካፌይኑ፣ ሰውነት ውስጥ ግማሽ ለመሆን 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። 11 ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ ከጠጣህ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይም ግማሹ ሰውነትህ ውስጥ ነው። የከሰዓቱን ተወው።

ስትተኛ አራት እየቆጠርክ አየር ሳብ፣ ስድስት እየቆጠርክ አስወጣ። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ዝግ ይላል። ለጥቂት ደቂቃ በቂ ነው። ግን ጭንቀቱ ከ2 ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለህ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ብቻህን አትያዘው።

እናት ከቡሬ

እኔ እንጀራ ጋግሬ ነው የምሸጠው። ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምሬ እያዞርኩ ወደ መሐል ስጨርስ ዓይኑን ማየት አለብኝ። ዓይኑ መውጣት ሲጀምር ነው አክንባሎው የሚደፋው። ያን ጊዜ ስልክ ካነሣሁ፣ ወይ ይደርቅብኛል ወይ ዓይን አልባ ይሆናል። ስለዚህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። ሊጥ ከጨለፍኩበት እስክከድን ለማንም አልመልስም። ቀን ሙሉ ስልክ መተው አልቻልኩም፤ ያችን ታህል ጊዜ ግን ችያለሁ። ከከደንኩ በኋላ እመልሳለሁ። አንተም ቀኑን ተወውና ጠመኔ ከማንሣትህ መቀስ እስከምታስቀምጥ ያለውን ብቻ ያዝ።

ሰፊው ከማርቆስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም ከልቤ። አምስት ቀን ሞከርኩት።

ቁጥሩን ጮክ ብዬ መናገሩ ሠራልኝ። ለማጁም ልጅ አብሮኝ ይል ጀምሯል፤ ትናንት የእጅጌ ልክ ስሳሳት እሱ ነው ያረመኝ። እህቴ ከቡሬ፣ ስልኩን መሳቢያ አስገባዋለሁ፤ መቀሱን ሳስቀምጥ አወጣዋለሁ። እስካሁን በዚህ የተቆጣ ደንበኛ የለም።

ቡናውን እስከ 8 ሰዓት ብቻ አድርጌዋለሁ። ይሄኛው ከብዶኛል፤ ባለቤቴ የማታውን ጀበና ስትጥድ መነሣት አልወድም። ሲኒውን ትቼ አጠገቧ እቀመጣለሁ።

ትናንት ማታ አንድ መዝሙር ብቻ ደገምኩ። መሐል ላይ ሦስት ጊዜ ጠፋሁ፤ አንዴ ኪራይ ላይ፣ ሁለቴ ሱሪው ላይ። ከጠፋሁበት ቀጠልኩ። የመጨረሻውን መስመር ስል ምን እንደምል አውቄ ነበር።

ነገ ጠዋት አራት ቁምጣ እቆርጣለሁ። ጨርቁን አንጥፌው ነው የመጣሁት።