ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 3፦ ሀብቴ ተከምሮ ሳለ ለምንድን ነው የምሸነፈው?

የኮልፌው ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 3 የሚባለውን የጦርነት ስልት የኮምፒውተር ጌም የምትጫወቱ ካላችሁ ምክር ፈልጌ ነው። ልጅ ሆነን ሰፈር ጌም ቤት ሁለተኛውን ነበር የምንጫወተው፤ ሳንቲም አዋጥተን፣ ሦስት ሆነን አንድ ኮምፒውተር ላይ እየተፈራረቅን። አሁን የራሴ ላፕቶፕ ስላለኝ ሦስተኛውን፣ ዴፊኒቲቭ ኤዲሽን የሚባለውን አውርጄ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። በጣም ወድጄዋለሁ። መድፍ ሲተኮስ ቤቱ እንዴት ተሰነጣጥቆ እንደሚወድቅ ብቻ ማየት ይበቃኛል።

ችግሬ ኦንላይን ከሰው ጋር ስገጥም ነው። የምይዘው እንግሊዝን ነው። ቤት እሠራለሁ፣ ሠራተኛ አወጣለሁ፣ ቀስተኞቼን፣ እነዚያን ሎንግቦው የሚባሉትን፣ አዘጋጃለሁ። ከዚያ ስምንተኛው ደቂቃ አካባቢ ተጋጣሚዬ ፈረሰኛ አሰልፎ ይመጣና ቀስተኞቼን አንድም ሳያስቀር ጠራርጎ ይጨርሳቸዋል። ቀጥሎ ሠራተኞቼ ላይ ይዞራል። አለቀ። በጣም የሚያበግነኝ ግን ሌላ ነው። ጌሙ ሲያልቅ ቁጥሩን ሳይ 1400 ምግብና 900 እንጨት ቁጭ ብሏል። ሀብት እያለኝ እንዴት ነው የምሸነፈው?

ሌላም ልጠይቅ። የሆም ሲቲ ካርዶቹን፣ ከዋና ከተማችን ሰውና ሀብት የሚያመጡልንን፣ መቼ መቼ ነው የምትልኩት? እኔ ለክፉ ቀን ብዬ አስቀምጣቸዋለሁ። ደግሞ ኢትዮጵያ አለች አይደል፣ ለጀማሪ ትሆናለች? ብሞክራት ደስ ይለኛል፤ ግን በሷ መሸነፍ ይከብደኛል።

አባ መድፍ፦

ወንድሜ እንኳን ደህና መጣህ። ይሄን ጌም እ.ኤ.አ. በ2005 ከወጣ ጊዜ ጀምሮ ነው የምጫወተው፣ ብዙ ሰው አስለምጃለሁ፣ ያንተ ችግር የሁሉም ጀማሪ ችግር ነው። መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። ያ 1400 ምግብ 14 ሠራተኛ ነው። አንድ ሠራተኛ 100 ምግብ ነው የሚፈልገው። 14 ሰው ሜዳ ላይ መዋል ሲገባው ቁጥር ሆኖ ስክሪኑ አናት ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። እዚህ ጌም ላይ ያልወጣ ሀብት የለህም ብለህ ቁጠረው።

ካርዱንም እንደዚያው። ለክፉ ቀን ማስቀመጥ የሚባለውን ነገር ዛሬውኑ ተወው። ካርድ የምታገኘው በኤክስፒ፣ በልምድ ነጥብ፣ ነው፤ ኤክስፒ ደግሞ ዝም ብለህ ብትቀመጥም ትንሽ ትንሽ ይመጣል፣ ቤት ስትሠራ ይመጣል፣ ወታደር ስታሠለጥን ይመጣል፣ ስትዋጋ ይመጣል። ባንዲራዋ ስትበራ ወዲያው ላክ። መጀመሪያ የምትልከው 3 ሠራተኛ የሚሰጥህን ካርድ ነው፤ እነዚያ 3 ሰዎች በሁለተኛው ደቂቃ ሲደርሱና በስምንተኛው ደቂቃ ሲደርሱ አንድ አይደሉም፣ ያ ሁሉ ጊዜ ሲለቅሙልህ ይቆያሉ።

ሁለተኛው ጌም ላይ የለመድከው ነገርም ያስቸግርህ ይሆናል። እዚያ ሠራተኛው እንጨቱን ተሸክሞ መጋዘን ያደርስ ነበር። እዚህ መሸከም የለም፣ እየቆረጠ በዚያው ይገባልሃል። ስለዚህ መጋዘን የት ልሥራ ብለህ አትጨነቅ። የምትጨነቀው ታውን ሴንተርህ፣ ዋናው ሕንጻህ፣ ለአፍታም ሠራተኛ ማውጣት እንዳያቆም ነው። አምስት አምስት አድርገህ አሰልፋቸው።

በእንግሊዝ እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ሁሉንም ሰው አደን ላይ አሰማራለሁ፣ ጥቂቱን ብቻ እንጨት ላይ። የእንግሊዝ ቤት 135 እንጨት ነው፣ ከሌላው ይወደዳል፣ ግን ተሠርቶ ሲያልቅ አንድ ሠራተኛ በነጻ ይወጣልሃል። ቤት መሥራት ማለት ሰው ማብዛት ነው። 800 ምግብ ስትሞላ ወደ ሁለተኛው ዘመን፣ ወደ ጌሙ ቀጣይ ደረጃ፣ እለፍ፤ 4 ደቂቃ አካባቢ ከደረስክ ለጀማሪ ጥሩ ነው። ዘመኑ እየተቀየረ ሳለ ካደን ላይ የተወሰነ ሰው አንሥተህ እንጨት ላይ ጣል። ልክ እንደገባህ 700 እንጨት የሚያመጣውን ካርድ ላክና ወታደር የሚወጣበትን ካምፕህን አቁም፣ በቀረው ቤት ሥራ። ይሄን አስር ጊዜ ብቻህን፣ ጠላት በሌለበት ተለማመደው። እጅህ ይልመደው።

ወደ ፈረሰኛው ስንመጣ፣ ቀስተኛ ብቻውን ፈረስ ፊት አይቆምም። ማንም ቢጫወተው አይቆምም። ጌሙ የተሠራው እንደዚያ ነው። ፈረሰኛ ቀስተኛንና ቀላል ተኳሽን ይበላል፣ መድፍንም ይበላል። ጦር የያዘ እግረኛና ማስኬቲር፣ ጠመንጃና ሳንጃ የያዘው እግረኛ፣ ፈረሰኛን ይመልሳሉ። ቀስተኛና ተኳሽ ደግሞ ማስኬቲርን ከሩቅ ይጨርሱታል። መድፍ ተጠጋግቶ የቆመ እግረኛ ሲያገኝ ያጭደዋል። ስለዚህ ማስኬቲር ከፊት፣ ሎንግቦው ከኋላ። ማስኬቲር 75 ምግብና 25 ሳንቲም ነው፣ ያ የተከመረ ምግብህ የሚሄድበት ቦታ ይሄው። ፈረስ ሲመጣ ግን ዝም ብለህ እንዲተኩሱ አትተዋቸው፤ ሳንጃ የሚያስመዝዘውን ተጫን። ማስኬቲር ፈረስን የሚገድለው በሳንጃው እንጂ በጥይቱ አይደለም። ይሄን ሳላውቅ ስንት ወር እንደተሸነፍኩ!

ድንገት ከመጣብህ ደግሞ ሠራተኞቹን ታውን ሴንተር ውስጥ አስገባና ሚኒትመን፣ ለጊዜው የሚወጡ ታጣቂዎችን፣ ጥራ። እነሱ ሕይወታቸው በራሱ እየቀነሰ ስለሚሄድ ገና ጠላት ከሩቅ ሲታይ አትጥራቸው፣ በር ላይ ሲደርስ ነው።

ጉና ሥር፦

አባ መድፍ ዋናውን ብሎታል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ አሳሹን፣ ያንን ጌሙ ሲጀመር የምታገኘውን ሰው፣ ለቅኝት ላከው። ሜዳው ላይ የተበተነውን ሀብት መልቀም አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ግን በአምስተኛው ደቂቃ የተጋጣሚህ ሰፈር ጋ ሄዶ ማየቱ ነው። የፈረስ ጋጣ ካየህ ፈረስ እየመጣ ነው። ያኔ ለማስኬቲር ሦስት ደቂቃ አለህ። አሳሹ ቢመታም አይሞትም፣ ይወድቃል እንጂ፣ ስለዚህ አትሳሳለት።

አሁን ስለ ኢትዮጵያ። ኢትዮጵያና ሃውሳ አብረው የገቡት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ነው፣ ዘ አፍሪካን ሮያልስ በሚባለው ማስፋፊያ። ለጀማሪ ትሆናለች ወይ ላልከው፣ እኔ አትሆንም ነው የምለው። አትናቃት ማለቴ አይደለም። እንደ እንግሊዝ ያሉት አውሮፓዎቹ በሦስት ሀብት ይኖራሉ፣ ምግብ፣ እንጨት፣ ሳንቲም። የአፍሪካዎቹ አራተኛ አላቸው፣ ተጽዕኖ ልንለው እንችላለን፤ ቤተ መንግሥት ላይ ወታደርና መድፍ የምታስመጣው በሱ ነው። በዚህ ላይ ደግሞ የከብት ገበያ አለ። ከብት ታደልባለህ፣ ትሸጣለህ፣ ዋጋው ይወጣል ይወርዳል። ገዳሙ የሚሠራው ማዕድን ላይ ነው። ዘመን ስትቀይር ደግሞ እንደ አውሮፓዎቹ ፖለቲከኛ አይደለም የምትመርጠው፣ ወዳጅ ነው። ሐበሻ፣ ሶማሌ፣ ኦሮሞ፣ ፖርቱጋል፣ ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚስዮናውያን)... የምትይዘው ወዳጅ የምታገኘውን ወታደር ይለውጠዋል። ሥራው ብዙ ነው። 1400 ምግብ ለሚረሳ ሰው አራተኛ ሀብት መጨመር አይመከርም። በእንግሊዝ ሀያ ሠላሳ ጌም ተጫወትና ና።

ግን ስትመጣ ደስ ይልሃል። እኔ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። ጋፋት ቅርባችን ነው፣ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን ሠራተኞች መድፍ ያስቀለጡበት። ሴባስቶፖል እዚያ ተሠርቶ ነው በዚያ ሁሉ ገደልና ሸለቆ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገድ እየተቆረጠለት መቅደላ የወጣው፤ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ነገር። ጌሙ ላይ ሴባስቶፖል ሞርታር ሲወጣልኝ የመጀመሪያ ቀን ተነሥቼ ነው የቆምኩት። ወንበር ላይ መቀመጥ አልቻልኩም። አያቴ ሲያወሩት የሰማሁት መድፍ እስክሪኔ ላይ ሲሄድ አየዋለሁ፣ ደግሞም ቀርፋፋ ነው፣ ልክ መሆን እንዳለበት። ብቻውን ከላክኸው ፈረሰኛ ይበላዋል፣ አጅበው።

የፖርቱጋልና የኢየሱሳውያን ምርጫ ለምን እንደገባ የማያውቅ ካለ ደግሞ ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1541 ክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 ያህል ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ይዞ በምጽዋ ገብቷል፣ በዓመቱ ተይዞ ተገደለ፣ የተረፉት ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው በ1543 ወይና ደጋ ላይ ተዋጉ። ኢየሱሳውያኑ ኋላ መጥተው አፄ ሱስንዮስን አሳመኑ፣ አገር ተረበሸ፣ በ1632 ፋሲለደስ ነገሡና አስወጧቸው። ጌሙ ላይ ያንን ወዳጅ ስትመርጥ ይሄን ብታውቅ ሌላ ጣዕም አለው።

ሰላም ከቨርጂኒያ፦

ሰላም እህት ወንድሞቼ። እኔና ታናሽ ወንድሜ እሁድ እሁድ አብረን እንጫወታለን፣ እሱ አዲስ አበባ እኔ እዚህ፤ የሚያገናኘን ነገር ይሄ ጌም ሆኗል። ስለ አጨዋወቱ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ሌላ ነገር አንሥቼ ልሂድ።

የኮልፌው ልጅ፣ እንግሊዝን ስለያዝክ ቨርጂኒያ ካምፓኒ የሚለው ካርድ ይኖርሃል፣ ቤቶቹን የሚያረክሰው። ተጠቀምበት፣ ጥሩ ካርድ ነው። እኔ ግን የምኖረው እዚያው ቨርጂኒያ ነው፣ ጄምስታውን ሄጄ አይቻለሁ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1607 ያቆመው ሰፈር ነው። ወንዙ ዳር ቆሜ ያሰብኩት ያንን ካርድ ነበር። በ1619 ደግሞ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ፖይንት ኮምፈርት የሚባል ቦታ፣ ከአንጎላ ተይዘው የመጡ ከሀያ የሚበልጡ አፍሪካውያን ከመርከብ ወርደው ተሸጡ። ትምባሆው እያደር በእነዚህና ከነሱ በኋላ በመጡት ሰዎች ጉልበት ነው የበቀለው።

ጌሙ ላይ ፕላንቴሽን የሚባል ሕንጻ ነበር። ሠራተኞችህን ታስገባና ሳንቲም ይወጣልሃል። ባርያ የለም፣ ጅራፍ የለም። በዴፊኒቲቭ ኤዲሽን ስሙን ኤስቴት ብለውታል፣ ሥራው ግን ያው ነው። ሁለተኛውን ዘመን፣ የቅኝ ዘመን የሚለውንም የንግድ ዘመን አድርገውታል። እውነት ለመናገር ይሄኛው አልተዋጠልኝም። ስሙ ሲለወጥ ነገሩ ይበልጥ የተሸፈነ መሰለኝ። ኢሮኳ ይባሉ የነበሩትን ሃውደኖሾኒ፣ ሱ ይባሉ የነበሩትን ላኮታ ማለታቸው ግን በጣም ደስ ብሎኛል፣ ሰዎቹ ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም ስለሆነ። አጨዋወታቸውንም አስተካክለዋል።

አትጫወቱ እያልኩ አይደለም፣ እኔም እጫወታለሁ። ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው። ፕላንቴሽኑ ውስጥ በእውነት እነማን እንደነበሩ ነግሬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ኤስቴት በሠራ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል።

አባ መድፍ፦

እህቴ ይሄን ስላነሣሽው አመሰግናለሁ። እኔ በ2005 ስጀምር ማንም አልነገረኝም። ስሙ ላይ ግን ትንሽ እለያለሁ። የንግድ ዘመን መባሉ ቅኝ ያልገዙ ሲቮች (የምንይዛቸው አገሮችና ሕዝቦች) ስላሉበት ነው የሚመስለኝ፣ በነሱ ተይዞ የቅኝ ዘመን ማለት አይሄድም። ኤስቴት ላይ ግን ካንቺ ጋር ነኝ።

ጉና ሥር፦

ገንዘብ ለማውጣት የሚያስብ ካለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በነጻ የሚወርድ ቅጂ አለ። የሚሰጣችሁ ሲቮች ጥቂት ናቸው፣ በየጊዜው ይቀያየራሉ፣ ለመልመድ ግን ይበቃል። ሊመጣ የነበረውን ማስፋፊያ በ2025 መጀመሪያ እንደሰረዙት ሰምታችኋል። አዝኛለሁ። ተጫዋቹ ግን አልጠፋም።

የኮልፌው ልጅ፦

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ ከልቤ ነው። ያላችሁትን ይዤ ሦስት ቀን ብቻዬን ተለማመድኩ። መጀመሪያ ሁለተኛው ዘመን የገባሁት በ5 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነበር፣ ትናንት 4 ደቂቃ ከ20 ደረስኩ። ካርድ ማስቀመጥ ትቻለሁ።

ማታ ኦንላይን ገባሁ። ተጋጣሚዬ ፈረንሳይ ነበር። አሳሼን ላክሁና ጋጣውን አየሁት። ልቤ ደነገጠ። 15 ማስኬቲር አወጣሁ፣ ቀስተኞቼን ከኋላቸው አደረግኩ፣ ፈረሶቹ ሲመጡ ሳንጃ አስመዘዝኩ። አንድም ፈረስ አልተመለሰም! ከዚያ ግን ደስ ብሎኝ ተከትዬው ከተማው ድረስ ሄድኩ፣ መድፍ አቁሞ ጠበቀኝ፣ ሁሉም አለቁ። ተሸነፍኩ። ግን 31 ደቂቃ ነው የቆየሁት፣ ሲያልቅ ደግሞ አናት ላይ የነበረው ምግብ 60 ብቻ ነው።

ሰላም ከቨርጂኒያ፣ የጻፍሽውን ለጓደኛዬም አነበብኩለት።

አባ መድፍ፦

60 ምግብ! በርታ። መድፉን በሚቀጥለው ፈረሰኛ ላክበት፣ በጎን ዞረህ፣ ፊት ለፊት አይደለም። አምስት ሁሳር ይበቃሃል። ካልሆነም ከልቨሪን አምጣ፣ እሱ መድፍ የሚመታ መድፍ ነው። ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እገባለሁ፣ ከፈለግህ ሁለት ለሁለት እንግጠም፣ ጉና ሥር ኢትዮጵያን ይያዝ።

ጉና ሥር፦

መብራት ካለ አለሁ። ሴባስቶፖልን ይዤ እመጣለሁ፣ እናንተ አጅቡልኝ።