ከአስጎብኚዋ በኋላ ብቻዬን ምን ልይ?

እባካችሁ ምክር ፈልጌ ነው። ልማርበት ያሰብኩትን ኮሌጅ ዛሬ አስጎበኙን። አዲሱን ሕንፃ፣ የሚያብረቀርቀውን ቤተ ሙከራ፣ ከማደሪያው ደግሞ አንዲት ክፍል፤ እሷም ሰው ኖሮባት የማያውቅ ትመስላለች። አስጎብኚያችን ወደ ኋላ እየተራመደች ነበር የምታወራው (አለመውደቋ ይገርማል)።

ነገ ብቻዬን እመለሳለሁ። የተማሪ ማስታወቂያዎችን ላነብ፣ ከማደሪያው እስከ ሩቁ የመማሪያ ክፍል ሰዓት ይዤ ልራመድ፣ ማታ ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራና መንገዱ መብራት እንዳለው ላረጋግጥ አስቤያለሁ።

የቸገረኝ ከተማው ነው። ከግቢው በር ወጥቼ ወዴት ልሂድ? ቅዳሜና እሑድ ጭር እንደሚል በአንድ ቀን በምን ልወቅ? ነዋሪዎቹን ስለ ተማሪዎቹ ብጠይቅስ እውነቱን ይነግሩኛል? ምሳ እየበላ ያለን የማላውቀው ተማሪ ማቋረጥስ ነውር ይሆን? እንዲህ ዞራችሁ የምታውቁ፣ «ምነው ያኔ ባየሁት ኖሮ» የምትሉትን ንገሩኝ።