በትንሽ ገንዘብ የተሠሩ የዞምቢ ቀልድ ፊልሞች የሚስቡን ለምንድን ነው?

የጦሳ ሥር (ደሴ)፦
ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔና ጓደኞቼ ቅዳሜ ማታ ሆጤ አካባቢ ተሰብስበን ፊልም የማየት ልማድ አለን። ግራ የሚያጋባኝ ነገር ቢኖር፣ ብዙ ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰባቸውን የዞምቢ (ከሞት ተነሥቶ ሰው የሚያሳድድ ሙት) ፊልሞች እኩሌታው ላይ አቋርጠን ወደየቤታችን ስንበተን፣ ጥቂት ሰዎች ከኪሳቸው አዋጥተው የሠሯቸውን፣ ደሙ ቀለም መሆኑ በግልጽ የሚታወቅባቸውንና ከኋላ የቆመው «ሙት» ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ሲያዞር የሚታይባቸውን አስቂኝ ፊልሞች ግን እስከ መጨረሻው ማየታችን ነው። የሚስበን ጉድለታቸው ነው ወይስ ሌላ ነገር? እኛም ራሳችን አጭር ፊልም ለመሥራት አስበናልና፣ ቀብርና ለቅሶ በእጅጉ በሚከበርበት በወሎ ሕዝብ ዘንድ በሙት መቀለድ ነውር ሆኖ ይታይብን ይሆን?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
ወንድሜ፣ በእኔ አስተያየት መጀመሪያ መታየት ያለበት የገንዘቡ ጉዳይ ነው፤ ከአስፈሪ ፍጥረታት ሁሉ እንደ ዞምቢ በርካሽ የሚሠራ የለምና። ዘንዶ ወይም ከጠፈር የመጣ ጭራቅ ኮምፒውተርና ባለሙያ ይፈልጋል፤ ለዞምቢ ግን የተቀደደ ልብስ፣ ፊት ላይ የተቀባ አመድና እግሩን እየጎተተ መራመድ የሚችል ጎረቤት ይበቃል፤ ንግግር ስለሌለውም ትወና ያልተማረ ሰው አያበላሸውም። የፊልም አዘጋጁ ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»ን የሠራው በ114 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ የቸኮሌት ሽሮፕ በደም ፈንታ አገልግሏል፤ ታሪኩም በአብዛኛው በአንድ የገጠር ቤት ውስጥ ያልቃል። ያ ፊልም ቀልድ አይደለም፤ ቀልደኞቹ ግን መንገዱን ያገኙት ከእርሱ ነው።

ጉድለት ብቻውን ይስባል ወይ ለሚለው፣ የጃፓኑን «ዋን ከት ኦፍ ዘ ዴድ» ብትመለከቱ መልሱን ታገኛላችሁ። ሺንኢቺሮ ኡኤዳ በ3 ሚሊዮን የን ገደማ፣ ስማቸው ባልታወቀ ተዋንያን የሠራው ይህ የ2017 (እ.ኤ.አ.) የዞምቢ ቀልድ ፊልም ከወጣበት ገንዘብ ከሺህ እጥፍ በላይ አስገብቷል። (ፊልሙን ያላየ ሰው የሚቀጥለውን አንቀጽ ይዝለለው፤ ምሥጢሩን ላወጣው ነው።)

የመጀመሪያዎቹ 37 ደቂቃዎች ካሜራው ሳይቋረጥ የተቀረጹ ናቸው፤ እውነቱን ለመናገር ያሰለቻሉ። ተዋንያኑ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሀል ቆመው ስለ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያቸው ይጠያየቃሉ፤ ደም የካሜራው መስታወት ላይ ሲረጭ አንድ እጅ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይጠርገዋል። ተመልካቹ «ምን ዓይነት ግድየለሽ ሥራ ነው» ብሎ ከፈረደ በኋላ ነው ፊልሙ ወደ ኋላ ተመልሶ ከካሜራው ጀርባ የነበረውን መከራ የሚያሳየው፦ ያ አጉል ወሬ ከዕይታ ውጭ የተፈጠረው ችግር እስኪፈታ ጊዜ ለማራዘም የተወራ ኖሯል፤ ካሜራውን ወደ ላይ የሚያነሣው ክሬን በመሰበሩም ሠራተኞቹ አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ወጥተው፣ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ፣ የመጨረሻዋን ምስል ከላይ ያስቀርጻሉ። በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ፊልም ሠሪውን አይሸሽግም፤ እኔ የምወደው ይህን ነው።

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)፦
በቦርከና አስተያየት ብዙውን ብስማማም፣ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ዛሬ ዛሬ ሆን ብለው ሥራቸውን የሚያበላሹና «ድሃ ስለሆንን ሳቁልን» የሚሉ ፊልሞች በዝተዋል፤ እነዚህ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይታዩም። ሳቅ ልክ የሆነ ሰዓት ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ በገንዘብ አይገዛም። የእንግሊዙ «ሾን ኦፍ ዘ ዴድ» (እ.ኤ.አ. 2004) ለእኛ ሲሰላ ድሃ ፊልም ባይባልም፣ ከሁሉ የበለጠ ያሳቀኝ ትዕይንቱ ምንም የማያስወጣ ነው፦ ሾን እንቅልፉ ሳይለቀው ጠዋት ጥግ ላይ ወዳለው ሱቅ ይሄዳል፣ የሚፈልገውን ይዞ ይመለሳል፣ ሰፈሩ በዞምቢ መወረሩን ግን ልብ አይልም። የኩባው «ሁዋን ኦፍ ዘ ዴድ» (እ.ኤ.አ. 2011) ደግሞ በሀቫና ሙታን ሲነሡ መንግሥት «በአሜሪካ የተገዙ ተቃዋሚዎች ናቸው» ብሎ ሲያውጅ፣ ሁዋን የሰው ዘመድ የሆኑ ዞምቢዎችን በክፍያ የሚገድል ድርጅት ሲከፍት ያሳያል። ይህን ቀልድ ከሀቫና ሰው በቀር ሌላ ሊያስበው አይችልም፤ የደሴውንም እንዲሁ ከደሴ ፈልጉት።

የሰኞ ገበያ እናት (ደሴ)፦
ልጆቼ፣ ፊልሙን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ስለ ነውሩ ግን የምለው አለኝ። እውነተኛ መቃብር ላይ እንዳትቀርጹ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ወደ መስጊድ አጥር አትጠጉ። በጦርነቱ ሰው ያጣ ቤት ብዙ ነውና በጥይት የሚወድቅ ሰው ባታሳዩ ይሻላል፤ ያ ለማንም ቀልድ አይሆንለትም። ሟቹ ተነሥቶ በገዛ ተዝካሩ ላይ ቢደርስና ቅሬው (ዕድሩ) ተሰብስቦ «ለቀብሩ ያወጣነው ይመለስ ወይስ ለሚቀጥለው ሞቱ ይያዝለት» ብሎ ቢከራከር፣ ይባስ ብሎም ሞቶ በከረመበት ጊዜ ከስብሰባ በመቅረቱ ቅጣት ይክፈል ቢባል ግን፣ አዛውንቱም ሼሁም ቄሱም ይስቃሉ። የወሎ ሰው በራሱ መሳቅ ያውቅበታል።

የጦሳ ሥር (ደሴ)፦
እናታችን፣ እድሜ ይስጥልን፤ የቅሬውን ነገር ያለ ክርክር ተቀብለነዋል። የምንቀርጸው በስልክ ነው፤ ቦርከና፣ ልንጠነቀቅበት የሚገባ ነገር ካለ ቢነግሩን ደስ ይለናል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
ለምስሉ ስልካችሁ ይበቃል፤ የምትቸገሩት በድምፁ ነው። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ ቃሉ ያልተሰማ ቀልድ ግን ከንቱ ነው፤ የስብሰባው ክርክር ደግሞ ሁሉ ነገሩ በቃል ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ባጃጅ ከማይበዛበት ግቢ ገብታችሁ፣ ሁለተኛ ስልክ ከተናጋሪው አጠገብ ደብቃችሁ ድምፁን ለብቻው ቅዱ፤ ቀረጻ ሲጀመር አንድ ጊዜ ጮክ አድርጋችሁ አጨብጭቡ፣ ኋላ ድምፁን ከምስሉ ጋር ለማገጣጠም ይረዳችኋል። ለደሙ ስኳር በውሃ እስኪወፍር አፍሉና ቀይ የምግብ ቀለም ጨምሩበት፤ ጥቂት የጠቆረ ቡና ካልገባበት ሮዝ መስሎ ይታያል። ቀለሙ ከነጭ ልብስ በቀላሉ አይለቅምና ለሟቹ የምታለብሱትን ጋቢ ከጎረቤት አትዋሱ።